በድቧ መጽሐፍ ላይ የሰጠሁት ፍርድ

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ከኪዳን ተመለስሁ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዓይኔ ግን በደቃቅ ፊደል ላይ ይደክማል። ባለቤቴ ታደለች ስለ መነጽሩ ደግማ ነገረችኝ፤ ደግሜ "ነገ" አልኋት።

ከቀትር በኋላ የንባብ ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሚኪያስ መጣ። ከወልድያ በስጦታ ከተላኩት መጻሕፍት አንዱ ወላጆችን አስቆጥቷል አለ። "ጂኒ ያለበት ነው፣ የኔታ። ሰው አውሬ የሚሆንበት። ልጆቹ ማንጋ ይሉታል።" ከኮርያ ጥንታዊ ተረት የተቀዳ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥዕል መጽሐፍ ነው። በመርሳ ከተማ ቅኔም የተቀኘ እንግሊዝኛም ያስተማረ እኔ ብቻ ነኝ (ትምክህት አይደለም፤ እውነት ነው)። ስለዚህ መርምሬ ፍርዴን በጽሑፍ እንድሰጥ ለመነኝ። ጎጂ ነው ካልሁ የሁሪያ የቅዳሜ የልጆች ንባብ ይዘጋል፤ የመጻሕፍቱም ሣጥን ይመለሳል።

ሁሪያ የንባብ ቤቱ ኃላፊ ናት። በሰባተኛ ክፍል አስተምሬአታለሁ፤ ትጉህ ነበረች። ይሁን እንጂ ፍርድ ፊት አይቶ አይሰጥም።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ጀመርሁ። ሽፋኑ ተገንጥሎ ኖሮ ሁሪያ በካርቶን ጠርዛዋለች፤ በፊትም በኋላም ጽሑፍ የለበትም።

ሥዕሉ ግን… እውነቱን ልጻፍ፤ የምጽፈው ለራሴ ነው። በቀለም ብቻ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ብዬ አላሰብሁም። በተራራው ላይ ያለው ጉም እርጥበቱ ለጣት ይደርሳል። ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ልቤ ለምን እንደ ልጅ ይመታል? ባላጋራን ማድነቅ ኃጢአት አይደለም። ባላጋራነቱን መርሳት ነው ኃጢአቱ።

ታሪኩ ይህ ነው። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ትታያለች። ጥቂት ገጾች ቆይቶ ሕፃኑ የለም። ምን አደረገችው? አይነገርም። ከዚያ ዋሻ ትገባለች፤ እጇ ጸጉር ያበቅላል፤ ድብ ትሆናለች። ነጭ ሽንኩርት ትበላለች፤ ክምሩም እየተበላ ይበዛል፤ ግልጽ ምትሐት። አንድ ባለ መስመር ነብር ይቀላቀላታል። በመጨረሻም ሁለቱ ከሰማይ ለወረደ ባለ ካባ ይሰግዳሉ። በዚያው መጽሐፍ ባለው ሌላ ተረት ደግሞ ዶከቢ የሚሉት ዱላ ያዥ ጂኒ የድሃ ሽማግሌ ቤት ገብቶ ሙሉውን ጎተራ ባዶ አድርጎ ይሄዳል።

ንግግሩም ሥርዓት የለውም። "አዎን፣ እታገሣለሁ" ትላለች፤ "ትታገሻለሽን?" የሚለው ጥያቄ በኋላ ይመጣል። ይህን ያህል እጅ የተሰጠው ሰው እንዴት ቅደም ተከተል አጣ?

ዓርብ፣ የካቲት 28

ፍርዱን ጻፍሁ። ሁለት ገጽ ከሩብ። እንዲህ ያለ ብርታት ከተሰማኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ቃሉ ሳልጠራው ይመጣ ነበር። "ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሮ ሳለ ወደ አውሬነት መውረዱን በውበት አስጊጦ ያስተምራል፤ ይህ የቡዳ ተረት ነው፣ የባዕድ ልብስ ለብሶ።" ሦስት ጊዜ ድምፄን አሰምቼ አነበብሁት።

"ለማን ነው የምትሰብከው?" አለች ታደለች ከጓዳ።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ለአቶ ሚኪያስ አስረከብሁ። ማኅተም ተመታበት። ቅዳሜ በወላጆች ጉባኤ ይነበባል።

ሁሪያ ግልባጩን ቆማ አነበበችው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ መልሳ አቀረቀረች።

"የኔታ… ከየት ጀምረው ነው ያነበቡት?"

"ከመጀመሪያው ነዋ። ሌላ ከየት ይጀመራል?"

ግልባጩን አጣጠፈችው።

"ክርክር ካለሽ ተናገሪ።"

"የለኝም፣ የኔታ። አንቱ ካሉ…"

መጽሐፉ በልጆች እጅ እንዳይገባ እኔው ዘንድ አስቀረሁት። ስወጣ ሦስት ሴቶች ልጆች ደጁ ላይ ቆመው ቅዳሜ ስንት ቀን እንደቀረው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ረትቻለሁ። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

የዛሬውን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሐጂ ናስር ከግራና መንደር መጣ። የአርባ ዓመት ወዳጄ ነው፤ ማንጎና ብርቱካን ያለማል። እሱ በረመዳን፣ እኔ በሁዳዴ፤ የሚቀርብ ነገር የለም። ሁለት ከንፈረ ደረቅ ሽማግሌዎች ተፋጠን ተቀመጥን።

"ያ ጂኒ ያለበት ኪታብ የታል? መርሳ ሁሉ ሥራ ፈትቶ እሱን ነው የሚያወራው።"

ሰጠሁት። እንግሊዝኛ አያውቅም። ከልጅነቱ በመድረሳ እንደለመደው አገላብጦ ከቀኝ በኩል ከፈተው። "በጀርባው ያዝከው" ልለው ነበር። የሚያየው ሥዕል ብቻ ነው ብዬ ተውሁት።

ገለጠ። ገለጠ።

"እነዚህ ሁለቱ አውሬዎች ምን ፈልገው ነው የሚሰግዱ?"

"ለሰይጣን ነው።"

"ሰይጣን በብርሃን ይወርዳል እንዴ? አላየኸውም መሰለኝ። ይኸው ሰጣቸው፤ ነጭ ሽንኩርት። ይኼኛው ደግሞ አሪቲ ነው፤ ቅጠሉን እይ።" ገለጠ። "ዋሻ ገቡ። ቆጥረው ነው የሚበሉት፤ ክምሩ እያነሰ ሄደ። ነብሩ አልቻለም፣ ወጣ። ልክ የኔ አማች፤ ከሦስተኛው ቀን አያልፍም።"

"ናስር፣ ቆይ…"

"አንተ ቆይ። ድቧ ጸናች። እኛን ሠላሳው ቀን ወገባችንን ይቆርጠናል፣ እሷ… ጸጉሯ ረገፈ። እጇን እይ። ሱብሓነላህ፤ ጾማ ሰው ሆነች።"

መጽሐፉን ከእጁ ነጠቅሁት።

ከቀኝ ነበር። ከመጀመሪያው ከቀኝ ነበር። ክምሩ የበዛው፣ መልሱ ከጥያቄው የቀደመው… ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው። ሕፃኑም አልጠፋም፤ ገና አልተወለደም ነበር።

"ከጭራው ይዘህ ነዋ የፈረድክበት" አለ ናስር። እስኪያስለው ሳቀ። ልቆጣ ብዬ እኔም ሳቅሁ። ታደለች ወጥታ "ሳትቀምሱ ምን አሰከራችሁ?" አለችን።

እሱ ሲሄድ እንደገና ጀመርሁ፤ ሁለት ጊዜ ጨረስሁት። የጾም መፍቻው ዘጠኝ ሰዓት ማለፉን ታደለች ናት የነገረችኝ። ስለ ጾም ብዙ ድርሳን አንብቤአለሁ። ጾም አውሬን ሰው ሲያደርግ ግን ገጽ በገጽ፣ ጣት በጣት፣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ማልጄ ወደ ሁሪያ ሄድሁ። ሠዓሊዋ በጃፓኖች ሥርዓት እንዳሳተመችው፣ እነርሱም ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚያነቡ አስረዳችኝ።

"ሰኞ ዕለት ገብቶሽ ነበር?"

"ገብቶኝ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለየኔታ? ተሳስተዋል ብዬ? በምን አፌ?"

ንባቧ ሊዘጋ፣ ልጆቿ ሊበተኑ፣ እርሷ የእኔን ስም መረጠች። አክብሮት ነው ብዬ ልደሰትበት ሞከርሁ። አልቻልሁም። በክፍሌ ያስተማርሁት ይህን ኖሯል?

ለአቶ ሚኪያስም ነገርሁት፤ እርሱ ግን ጉዳዩ በዝምታ እንዲቀር ይፈልጋል። "ጉባኤውን እንሰርዘዋለን፣ የኔታ። ማን ያውቃል? ስምዎን ለምን ያስነካሉ?"

ባደግሁበት ጉባኤ ቤት የተሳሳተ ተማሪ ጥግ ይዞ አያርምም፤ በተሳሳተበት ጉባኤ ፊት ቆሞ ነው። ጉባኤው ይደረግ አልሁት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፍርዴን ራሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁ፤ ያችን የወደድኋትን አንቀጽ ሳይቀር። አንዳንዶች አጨበጨቡ። ያ ጭብጨባ ከሁሉ ከበደኝ።

ከዚያ መጽሐፉን አነሣሁ። "የፈረድሁት ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። ስሕተቱ የመጽሐፉ አይደለም፣ የእኔ ነው። ፍርዱን ሽሬዋለሁ።"

ወይዘሮ አሰለፈች፣ ክሱን በመጀመሪያ ያነሣችው የጨርቅ ነጋዴ፣ ከመሐል ተነሣች።

"የኔታስ ከመጨረሻው አነበቡት። እኔ ከየትም አላነበብኩትም።"

አዳራሹ ሳቀ፤ እርሷም ሳቀች። "በሉ እስቲ ከትክክለኛው በኩል ያሳዩን" አለች።

አሳየሁ። ገጹን ከፍ አድርጌ፣ እየተረጎምሁ። የድቧ ጣቶች ሲገለጡ ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ቆሙ።

"ዱላ የያዘው ጂኒስ?" አለ አንዱ ከመሐል።

"ጎተራ የሚገፍፍ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚሞላ ኖሯል።"

እጅ ወጣ። ከአራት ሰው በቀር ንባቡ ይቀጥል አሉ። ሁሪያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገችው። ወደ ቤት ስመለስ በእግሬ ሄድሁ፤ ባጃጅ ቢጠራኝም አልሰማሁትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዛሬ ለልጆቹ እንዳነብ ተጋበዝሁ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ቀን ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ታደለች ነጠላዬን ስታስተካክል "ለድብ ነው ይኼ ሁሉ?" አለችኝ።

ነብሩ ከዋሻው የወጣበት ገጽ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ምክር ጀመርሁ። "ሰነፍ ነው፤ ጀምሮ የሚተው ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው…"

"የለም፣ የኔታ። እዚህ ላይ ተሳስተዋል።"

ሁሪያ ናት። በልጆቹ ሁሉ ፊት። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ቃሉን ግን አልዋጠችውም። መጥታ በጣቷ አሳየችኝ። በእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ፣ ጥፍር በምታህል ሥዕል፣ ነብሩ አለ። ከዋሻው አፍ ላይ በዝናብ ተኝቶ ድቧን ይጠብቃል፤ ጾሟ እስከሚያልቅበት እስከ መቶኛው ቀን። ከግራም ከቀኝም ስንት ጊዜ አነበብሁት? አንድም ጊዜ አላየሁትም።

ልጆቹ ፊቴን ያያሉ። አሁን ደስ አለኝ።

"እንግዲያስ አንቺ አንብቢልን" አልሁና መጽሐፉን ሰጠኋት። ምንጣፉ ላይ በልጆቹ መካከል ተቀመጥሁ። ከኋላዬ ሜላት የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገችኝ።

"የኔታ፣ ጋረዱኝ። ትንሽ ጠጋ ይበሉ።"

ጠጋ አልሁላት።