ለሁሉም የለቀቅካቸው ፎቶዎች

ጥቅምት 24 ቀን፣ አንኮበር

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ለሞተ ሰው እንደምን አለህ አይባልም። ሌላውን ከመጻፌ በፊት ግን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ፤ ተቀይሜሃለሁ። የሞተን ሰው መቀየም ኃጢአት ይሁን አይሁን ቄሱን ልጠይቅ አስቤ አፈርኩና ተውኩት። ከተለየኸን አራት ወር አልፏል። ሰው ስምህን ሲያነሳ ደጉ ሀብታሙ፣ ለሰው የሚሆነው ሀብታሙ ይላል። እኔም አብሬ ራሴን እነቀንቃለሁ።

እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ማታ በሩን ስትዘጋ ገርበብ ታደርገውና ትንሽ ቆማ ነው የምትቀረቅረው። እኔ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል አልተመዘገብኩም፤ እሷን ብቻዋን ትቶ መዋል አልሆነልኝም። ካሜራህና አዲሱ ስልክህ የተሳፈርክበት ሚኒባስ ጫጫ አጠገብ ሲገለበጥ አብረውህ ተሰባበሩ። ኮምፒውተሩን መሥሪያ ቤትህ መጥቶ ወሰደው። ስለዚህ ያነሳሃቸው ፎቶዎች አሁን ያሉት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ አንተ የጋራ ጎተራ የምትለው የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ። ከየአገሩ ሰው ፎቶና ቪዲዮ በነፃ የሚያስገባበት፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ የሚያወጣበት።

በአሮጌው ስልክህ እከፍተዋለሁ። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ስለሆነ እዚያ ቆሜ አያቸዋለሁ። የአሊዩ አምባ ገበያ፣ በርበሬ የዘረጉት ሴትዮ፣ ግመሎቹ፣ ገደሉ ላይ የተኛው ጉም። ሁሉም አሉ። ከሥራቸው የተጻፈውን እንግሊዝኛ ባላነበውም ስምህን እለየዋለሁ።

የአሊዩ አምባው ፎቶ የሆነ አገር ልጆች የሚማሩበት መጽሐፍ ላይ የወጣ ቀን ትዝ ይልሃል? ከደብረ ብርሃን እስክትመጣ አላስቻለህም፤ ደውለህ ለእማዬም ለእኔም በየተራ ነገርከን። እማዬ ታዲያ ምን አመጣልህ ብትልህ ሳቅህ ስልኩን ሞላው። ስሜን ጽፈዋል፣ እኔ የምፈልገው እሱን ብቻ ነው አልካት። እሷም ስምህንማ እኔም አውጥቼልህ ነበር ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ያን ቀን ኮርቼብህ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ስትሰጥ አንድም ቀን ጠይቀኸን አታውቅም። ገበያውም ገደሉም ያንተ ይሁኑ። እማዬስ?

አያታችን የሞተች ሰሞን ነው። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ ሆኖ፣ ደጃችን ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብርሃኑ ጥሩ ነው አልክና አነሳሃት። እሷም ላንተ ብላ ዝም አለች። ከዚያ ወስደህ ጎተራው ውስጥ ከተትካት። ከሥሯ የጻፍከውን ጓደኛህ ኤፍሬም አነበበልኝ። ሴት፣ አንኮበር ይላል። ሌላ የለም። እናቴ አይልም፣ ሐዘን ላይ ናት አይልም።

ጳጉሜን ውስጥ እማዬና እኔ አክስታችንን ልንጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄድን። አንተ የሌለህበት የመጀመሪያው ዓመት በዓል ስለሆነ ቤት መቀመጥ አቅቶን ነው። ከመናኸሪያው ስንወጣ ፊት ለፊት ካለው ስልክ መሸጫ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። እማዬ ናት። ዙሪያዋን አደይ አበባ አድርገውባት፣ ከላይ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ ብለው ጽፈው። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ።

እማዬ ቆመች። ዕቃችንን የያዘልን ልጅ ባነሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ እማማ አርቲስት ነዎት እንዴ፣ እኛ ሳናውቅዎት ብሎ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ ጥቁር መልበሷን ሲያይ እሱም አፈረ። እማዬ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ለእናቴ ያለቀስኩበትን ነው ለበዓል የሰቀሉት?»

መልሱ ያንተ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ብቻዬን ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩና ተመለስኩ። ታውቀኛለህ፣ ከማላውቀው ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ከሰዓት ማተሚያ ቤት የሚሠራውን ኤፍሬምን ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ሰጠኝ። የኔ እህት፣ ባነሩን የሠራልን ልጅ ከኢንተርኔት ነው ያወጣው፣ ባለቤቱ ራሱ ለንግድም ይሁን ብሎ ለቆታል፣ እኛ ሌባ አይደለንም አለኝ። ኤፍሬምን አየሁት። አንገቱን ደፋ። እውነቱን ነው አለኝ፤ አንተ እንደዚያ ብለህ ነው የለቀቅከው። ስምህን መጻፍ ግን ነበረባቸው አለ። ባለሱቁ የማን ስም ብሎ ጠየቀ። የምትፈልገውን ያቺን አንድ ነገር እንኳ አልሰጡህም፣ ወንድም ጋሼ። ከበዓል በኋላ እናወርደዋለን ብሎ ነበር። መስቀል ሲደርስም እማዬ እዚያው ባነሩ ላይ ነበረች።

እማዬ አንተን አንዲት ቃል አልተናገረችህም። ነጠላን ማዘቅዘቅ የማያውቅ አበሻ አለ ወይ እያለች ባነሩን የሠራውን ልጅ ብቻ ትረግማለች። እኔ ግን እሱ ከየት እንዳገኛት አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ባለፈው ሳምንት ኤፍሬም ደወለ። ጎተራው ውስጥ ስለራስህ የጻፍክበት ገጽ ላይ ያለውን የራስህን ፎቶ ሊሰርዙት ነው። ራሴ ያነሳሁት ብለህ ነበር ያስገባኸው፤ እዚያ የሚቆጣጠሩት ሰዎች ግን ሰው ከሩቅ ሆኖ ራሱን እንዲህ አያነሳም፣ ያነሳው ሰው ፈቃድ ይምጣ ብለዋል።

ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ላይ ካሜራውን አንገቴ ላይ ስታጠልቅልኝ፣ ካሜራው አልረጋልኝ ሲል፣ አንተ ትንፋሽሽን ያዢ እያልክ ስትስቅ። አፍህ ከፈት ብሎ የወጣው ለዚያ ነው። እማዬ በለቅሶህ ቀን ይዛ የቆመችው እሱን ነው። የሰኔ ዝናብ ስለመታው ቀለሙ ፈሶ ዓይንህና አገጭህ ተቀላቅሏል። እሷ ግን ያንኑ በጨርቅ ጠቅልላ ትራሷ ሥር ታኖረዋለች።

ፍቀጂ አለኝ ኤፍሬም። አንድ መልእክት ነው፣ እኔ እጽፍልሻለሁ፣ አንቺ ስምሽን ብቻ ታስገቢያለሽ። ፈቃዱ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኩት። አላባበለኝም። ማንም እንዲወስደው፣ እንዲቆርጠው፣ እንዲቀይረው፣ እንዲነግድበትም ይላል። ለእናንተ ብቻ ተብሎ እዚያ አይቀመጥም አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሀብታሙ ቢኖር ይፈቅድ ነበር።»

«ቢኖርማ እኔን ማን ይጠይቀኛል» አልኩት። እንዲህ ብዬ መመለሴ እኔንም ገረመኝ።

እውነቱን ነው፣ ትፈቅድ ነበር። ትከራከረኝም ነበር። የኛን አገር ሰው ካላየው እንደሌለ ነው ትለኝ ነበር፤ ፊት የሌለው ገጽ ማን ያምናል ትለኝ ነበር። ለሦስት ቀን ካንተ ጋር በሆዴ ተሟገትኩ። አንዳንዴ ታሸንፈኛለህ። ከዚያ የሚቀጥለው ዓመት በዓል ይታየኛል፤ አንተ አፍህን ከፈት አድርገህ ከአንድ ሱቅ በላይ ተሰቅለህ፣ እማዬ ዕቃዋን ይዛ ከመናኸሪያው ስትወጣ።

የሰጠሃቸው ይኑሩ፤ አንዱንም አልነካብህም። እኔ ሳለሁ አትረሳም። ስምህን የማይጽፉት ይርሱህ፣ እኔ ግን ድምፅህን፣ አካሄድህን፣ ስትስቅ የምትዘጋውን አንድ ዓይንህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ባፍርም እናገራለሁ።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። ፎቶህን አውርጄ ኤፍሬም ዝናብ በማይበላው ወረቀት ያትምልኛል፤ አንድ ለእማዬ፣ አንድ ለእኔ። ከዚያ መልእክቱን እንዲጽፍልኝ አደርጋለሁ። ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አልፈቅድም፣ ሰርዙት ብሎ።

እህትህ ወይንሸት