ያልጨረስኸው መዝሪያ

ውድ ያረጋል፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ናፍቆቱም «በስተቀር» ተብሎ የሚታለፍ አልሆነልኝም። በመጨረሻ የምለምንህ ነገር አለኝ። ከፊት ብጽፈው ትቆጣና ወረቀቱን ትቀድደዋለህ፣ አውቅሃለሁ። ስለዚህ አንተ ከሄድህ ወዲህ የሆነውን አስቀድሜ ልንገርህ።

በሰኔ ሚካኤል ማግሥት አያ አንዳርጌ ከሾዋክ ብቻውን ተመለሰ። አብራችሁ ወጥታችሁ እሱን ለብቻው ሳየው የያዝሁትን ጥዬ ሮጥሁበት።

«እታለም፣ እኛ ከሻ መስሎን ነበር» አለኝ። «ወረቀት የሌለውን ሊያፍሱ ነው ብለን ከመኪና ወርደን ተሰለፍን። ካስቆሙን ታጣቂዎች አንዱ የያረጋልን ዘንቢል ፈተሸና የብየዳ ዘንጉን አወጣ። ይኼ የማን ነው አለ። እኔ እጁን ጎተትሁት፣ ዝም በል ለማለት። እሱ ግን የእኔ ነው፣ በያጅ ነኝ አለ። ከዚያ እሱን ይዘው ሌሎቻችንን ሁሉ ለቀቁን።»

በያጅ ነኝ! ምን ነበረበት ለአንድ ቀን እንኳ ማሽላ አጫጅ ነኝ ብትል? በሌለህበት ስጮህብህ ሰነበትሁ። ጎረቤታችን ፋናዬ እብድ ሆንሽ ወይ እስክትለኝ ድረስ።

ጩኸቴ ሲያልቅ ወደ እርሻው ጌታ ወደ ኢሀብ ሄድሁ። ሱዳናዊ ነውና ገዳሪፍ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች እንደሚያውቅ ባሱንዳ ሁሉ ያወራል። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አንሥቶ አስቀመጠኝና አንገቱን ደፋ።

«ያ ዙፋን፣ ወላሂ ባልሽን እፈልገዋለሁ» አለኝ፣ በዐረብ አጠራሩ ስሜን ጠርቶ። «ግን አሁን እንዴት ልሂድ? ዝናቡ ደረሰ። ዋልካው አንዴ ከጠገበ ትራክተር አይገባበትም። መዝሪያዬ ተሰባብሯል፣ ከጦርነቱ ወዲህ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም፣ ባልሽ የጀመረልኝም ግማሽ ላይ ቀረ። ሰሊጤ መሬት ካልገባ እኔም አለቅሁ፣ እናንተም አለቃችሁ። መሬቴ ይዘራ፣ በማግሥቱ መንገድ እገባለሁ።»

«እኔ እጨርሰዋለሁ» አልሁት።

አልሳቀብኝም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር፤ እንደ ታመመ ሰው ነበር ያየኝ።

አንተም ብትሰማ እንደሱ ታየኝ ነበር። ብረት ይዤልህ፣ መዶሻ አቀብዬህ ኖርሁ እንጂ ከድስት ማስቀመጫ ያለፈ ነገር በይጄ አላውቅም። ቢሆንም ጄኔሬተሩን አስነሣሁ፣ መነጽርህን አጠለቅሁ። ከተቃጠለው ሎሪ የፈታኸው ሻንሲ በድንጋይ ተደግፎ እንደተውኸው ነው። ለዘር የሰነጠቅኸው በርሜል ላዩ ላይ ተቀምጧል። አፈሩን የሚሰነጥቁትን ዲስኮች የሚሸከሙት እግሮች የግራዎቹ ተበይደዋል፣ የቀኞቹ ገና አልተቆረጡም። የቀረው ቁራጭ ብረት ለእነሱም በጭንቅ የሚበቃ ነበር።

አንተ ሜትር ይዘህ አታውቅም። ብረቱ ላይ ክንድህን ታጋድማለህ፣ ስንዝር ትጨምርበታለህ፣ በጠመኔ ታሰምራለህ። እግራቸው ክንድ ከስንዝር ነው ብለኸኝ ስለነበር እኔም ክንዴን አጋደምሁ፣ ስንዝሬን ጨመርሁ፣ አሰመርሁ፣ ቆረጥሁ። የአንተዎቹን አይቼ ላመሳክር እንኳ አላሰብሁም። ክንድ ክንድ ነው ብዬ ነዋ! ሻንሲው ድንጋይ ላይ ስለተጋደመ ደግሞ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም።

አያ አንዳርጌ በትራክተር ጎትቶት ሲወጣ ካምፑ ሁሉ ከኋላ ተከተለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ልቤ ሞቀ፣ በቃ ያረጋሌ መጣ ብዬ። ጥቂት እንደሄደ በግራ በኩል አፈሩ ይገለበጣል፣ በቀኝ በኩል ግን ዲስኮቹ መሬቱን እየላሱ ያልፋሉ። ሰሊጡ ላይ ላዩን ተበተነ፣ ወፍ ወረደበት። አያ አንዳርጌ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ጎንበስ ብሎ አየና፣

«እታለም፣ ይኼ እኮ የሁለት ሰው ክንድ ነው» አለኝ።

እዚያው እርጥቡ አፈር ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ያቀፈኝ ክንድ ከእኔ ምን ያህል እንደሚረዝም አለማወቄ አንገበገበኝ። ደመናው ደግሞ ከመተማ በኩል እየጠቆረ ይመጣል። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ካምፑ ተመለሰ። ኢሀብም መኪናው ውስጥ ሆኖ አይቶ ሄደ።

ብረት የለም። ኹርዳ የሚሉትን ውዳቂ ብረት የሚሰበስቡት ሰዎች ከመንገዱ ዳር ምስማር እንኳ አላስቀሩም፣ ሾዋክ ድረስ ልሂድ ብል አንተን የወሰደው መንገድ ነው። ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ፣ የተቀመጥሁበትንም አየሁት። የብረት አልጋችንን። እየጎተትሁ ወደ ደጅ ሳወጣው ፋናዬ ሮጣ መጣች።

«የትዳርሽን አልጋ ልትቆራርጪው? ኧረ ሟርት ነው፣ ተይ!»

«ሟርቱ ብቻዬን የምተኛበት ነው፤ ያዥልኝ ይልቅ» አልኋት። አጉረመረመች፣ ግን ያዘችልኝ።

ያኔ ክንዴን አላጋደምሁም። የአንተዎቹን እግሮች በገመድ ለካሁ፣ ገመዱን ወደኔዎቹ አዞርሁ፣ የጎደለውን ያህል ከአልጋው ብረት ቆርጬ ቀጠልሁ። ዓይኔ አሸዋ የተሞላ ያህል ቆረቆረኝ፣ እጄ ተላጠ። የብየዳ ስፌቴን ብታየው ሦስት ቀን አታናግረኝም ነበር፤ ጎድጓዳና እብጥ ብቻ ነው። ግን ያዘ። ኢሀብን በልመና መልሼ አመጣሁት፣ አያ አንዳርጌም ቀን ከሌት ሳይወርድ ነዳ። ዋልካው ትራክተር አላስገባ ሳይል መሬቱ ሁሉ ተዘራ። መስመሩ የሰከረ ሰው የሄደበት ይመስላል፣ ሰሊጡ ግን አፈር ለብሷል።

ኢሀብ ቃሉን በላ እንዳልል በማግሥቱ ተነሣ። ስንት ቀን እንደቆየ አልቆጠርሁም፣ መቁጠር ፈራሁ። የመኪናውን ድምፅ ስሰማ እጄ ሊጥ እንደሆነ ሮጥሁ። ዓይኔን አላየኝም።

«ሐይ ነው፣ በሕይወት አለ» አለኝ። ልስመው ስል በእጁ አስቆመኝ። «በዓይኔ አየሁት። ይበላል፣ አይመቱትም። ግን አይለቁትም። ጥፋቱ ምንድን ነው አልኋቸው፤ ምንም ጥፋት የለበትም አሉኝ። ከዚያ ሥራውን አሳዩኝ። ፒካፑ ላይ ለመሣሪያ ማቆሚያ የሠራላቸውን ብረት። ወላሂ ያ ዙፋን፣ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። አለቃቸው ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ፣ እንዲህ ያለ እጅ ማን ይለቃል አለኝ።»

ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ሞቷል ቢሉኝ አልቅሼ እቀመጥ ነበር፤ አለህ፣ ግን ስለጎበዝህ አትመጣም። ይህን ለማን ይነግሩታል?

ኢሀብ ልብስ ላድርስለት ብሎ ፈቃድ አግኝቷል፣ ይህን ወረቀት በጋቢህ ጠርዝ ውስጥ እሰፋዋለሁ። እዚያ አማርኛ የሚያነብ የለም ብሎኛል። እንግዲህ ልለምንህ።

አበላሽ፣ ያረጋሌ። ብረቱን አቃጥለህ ብሳው። ስፌቱን አንሻፈው። ሰው ይጎዳበት፣ ሰው ይሙትበት አላልሁህም፤ ገና ሲያዩት «ይኼን ምን ነካው?» ብለው የሚወረውሩት አድርገው። እጄ ይንቀጠቀጣል በል፣ ዓይኔ ደከመ በል። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን አበላሽ፣ እስኪሰለቹህ ድረስ።

እንደሚያንገበግብህ አውቃለሁ። የሌላ ሰው ክፉ ብየዳ ስታይ እንኳ ሳይጠሩህ ቆርጠህ ካልሠራኸው እንቅልፍ የማይወስድህ ሰው ነህ። ሊሰድቡህ ነው፣ ሊስቁብህ ነው። ሊመቱህም ይችላሉ፤ ይህንን ሳላስብ የጻፍሁ እንዳይመስልህ፣ አስቤበት እጄ ሦስቴ ብዕሩን ጥሏል። ግን ተመስግኖ እዚያ ከሚቀር ባልና ተደብድቦ ደጄ ከሚወድቅ ባል ምረጪ ብባል፣ የተደበደበውን ስጡኝ እላለሁ። ቁስል አጥቤ አውቃለሁ። ኃጢአት ከሆነም በእኔ ይሁን፣ ለአምላኬ እኔ እመልሳለሁ።

ሲያባርሩህ በያጅ አይደለህም ይሉሃል። እሺ በላቸው። አትከራከር፣ አደራህን፣ ዞረህ እንኳ አትመልስላቸው።

ስምህ እዚያ ይቅር። አንተ ና።

ዙፋን፣ ሚስትህ
ከባሱንዳ