ኮሊን ፕራትን ለመጣል

ሃርልስቢ፣ ዮርክሻየር
እሑድ፣ ሜይ 10

የምወድሽ ልጄ ሄዘር፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ወሬ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ገና ስሙን ስጠራ «እማዬ፣ ተዪው» ብለሽ እንደምታቋርጪኝ ስለማውቅ በወረቀት አደረግኩት። ከሌላ ሰው ከምትሰሚውም ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ኮሊን ፕራት ለፓርላማ ተወዳደረ። አዎ፣ ያው ኮሊን። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሊድስ ከርሞ ተመልሶ መጣ፣ የከተማው ምክር ቤትም ገባ። ያንን ሆን ብዬ አልነገርኩሽም። መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ እሻገር ነበር፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። እንዲሁ እንደተሸሻሸን እንሞታለን ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ፋሲካ ሰሞን ግን በበሩ የፖስታ ቀዳዳ አንድ ቀይ የሌበር ፓርቲ ወረቀት ወደቀ። የኮሊን ፊት ነው። ወፍሯል፣ ፀጉሩም ወደ ኋላ ሸሽቷል። ከሥሩ በትልልቁ «ቃሉን የሚያከብር ሰው» ይላል።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያ ቅዳሜ መጣብኝ። አንቺ በነጭ ልብስሽ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ አባትሽ መንገዱን እያየ፣ ኦርጋን የሚጫወተው ሰውዬ ያንኑ ዜማ እየደጋገመ። ከዚያ አባትሽ እንግዶቹን አንድ በአንድ እየጨበጠ፣ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን እያለ ሲሸኝ። ያን ዕለት የደረደርኩትን ሳንድዊች ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም። የገና በዓል ሳይደርስ አንቺ አውሮፕላን ተሳፈርሽ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ልጄን የማያት በስልክ መስታወት ሆነ።

ቃሉን የሚያከብር! ቆይ ብቻ፣ አልኩት ፎቶውን።

በቤታችን ከሌበር ሌላ ተመርጦ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። አባትሽ ኮንሰርቫቲቮች በር ሲያንኳኩ ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ መልስ የማይሰጥ ሰው ነበር። እኔ በማግስቱ ቢሯቸው ድረስ ሄጄ በር ለበር የሚዞር ሰው ትፈልጋላችሁ ወይ አልኳቸው። ሻይ ሰጥተው ተቀበሉኝ። ተወዳዳሪያቸው ሚስስ ፌርፋክስ የምትባል፣ ከደቡብ የመጣች፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ቦት ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። ወደቡ በየት በኩል ነው ብላ ስትጠይቀኝ እኔ አፈርኩላት። ያም ሆኖ ሰማያዊውን የፓርቲያቸውን የሪባን አበባ ደረቴ ላይ ሰካሁ፣ የአባትሽን ወንበር ሳላይም ከቤት ወጣሁ።

የበርናርድ ዓሣ ቤት ምርጫ ሲመጣ እንዴት እንደሚሆን አትረሺውም። አርብ ማታ ወረፋው በር ድረስ ነው፣ ሁሉም ያወራል፣ ማንም አያዳምጥም። በርናርድ ድንቹን እያገላበጠ የሌበርን መሪ ያብጠለጥላል፤ ሲናገር እንቅልፍ ያመጣል፣ ይህን መጥበሻዬን እንኳ ለአፍታ አደራ አልሰጠውም ይላል። ጎረቤታችን ኤድና በምርኩዟ ወለሉን መታች።

«ጠቅላይ ሚኒስትሩስ? እኔ ዳሌዬን ለማስቀየር ወረፋ ከያዝኩ ሁለት ክረምት አለፈኝ። እሱ ለምን ነገር ወረፋ ይዞ ያውቃል?»

አንዱ የውጭ ሰው በዛ አለ። ሌላው እናትህን በመጦሪያ ቤት የሚያጥባት ማን ሆነና አለው። አውቶቡሱ መቅረቱን፣ ግብሩን፣ የቤት ኪራዩን አነሱ። እኔም መሐል ገብቼ ግብር ከቀነሰ ሥራ ይመጣል፣ ሌበር ባለፈው ጊዜ ካዝናውን ባዶ አድርጎ ነው የሄደው እያልኩ አነበነብኩላቸው። ማታ ማታ የፓርቲውን ወረቀት የማጠናው እንደ ተማሪ ነበር። በርናርድ መጥበሻውን ትቶ አየኝ።

«ዶሪን፣ ባልሽ ፍራንክ በሕይወት ኖሮ ይህን ቢሰማ ምን ይላል?»

«ፍራንክ ኮሊንን ያውቀዋል» አልኩት። ወደ መጥበሻው ተመለሰ።

ወጥተን ስንሄድ ኤድና ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ የተጣላሽው ከሌበር ጋር አይደለም።»

«ኮሊን ሌበር ከሆነ ተጣልቻለሁ።»

በየበሩ ዞርኩ፣ ሄዘርዬ። በዝናብ ዞርኩ። ግማሹ በሩን ዘጋብኝ፣ ግማሹ የአባትሽ ወዳጅ ስለነበር አፍሮ አስገባኝ። የከበደኝ አንድ በር ብቻ ነው። ከባሕሩ ዳርቻ በላይ ባሉት አዳዲስ ቤቶች ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ከፈተችልኝ። የእናንተ ሰዎች የሆስፒታላችንን ማዋለጃ ሊዘጉት ነው አይደል፣ ታዲያ የት ሄጄ ልውለድ አለችኝ። ኮሊን እንዳይዘጋ እታገላለሁ ብሏል። አንቺን የወለድኩሽ እዚያው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ሰጥቻት ሄድኩ። ያን ቀን ሌላ በር አላንኳኳሁም። በማግስቱ ግን ወጣሁ።

ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት ተወዳዳሪዎቹ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከሕዝብ ጥያቄ ሊቀበሉ ቀረቡ። ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ካፖርት ለብሼ ከፊት ተቀመጥኩ። ኮሊን ገና ሲገባ አየኝና ውኃ ቀድቶ ጠጣ። ሰዎች ስለ ሆስፒታሉ ጠየቁ፣ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ጠየቁ፣ ሚስስ ፌርፋክስ ስለ ሁሉም ነገር መሪዬ ግልጽ አድርገዋል እያለች መለሰች። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

«ሚስተር ፕራት፣ በወረቀትህ ላይ ቃሌን አከብራለሁ ብለሃል። በዚህች ከተማ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ ብለህ ሰው ስትጠብቅህ የቀረህበት ጊዜ አለ?»

የሚያውቁት አንገታቸውን ደፉ። የማያውቁት ከሚያውቁት ጠየቁ። ሰብሳቢው ይህ የግል ጉዳይ ነው ሊል ሲጀምር ኮሊን በእጁ አስቆመው።

«አለ» አለ። «በሠርጌ ቀን ቀርቻለሁ። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ቢኖረኝም እዚህ አልደረድረውም። ጥሩ ሰዎችን በአገር ፊት አዋረድኩ። ከዚያ ወዲህ እመጣለሁ ብዬ የቀረሁበት ቦታ ያለ አይመስለኝም፣ ግን ያኛውን አይመልሰውም። ይቅርታ፣ ሚስስ ሃርግሬቭ።»

ተቀመጥኩ። ይዋሻል ብዬ ነበር የሄድኩት። ቢዋሽ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እውነቱን ሲናገር ምን እንደምለው አላዘጋጀሁም።

በማግስቱ የሆነውን ልንገርሽ፣ ሳቂብኝ። ከተማው ሁሉ ስለ ኮሊን ያወራል፣ የሚያወራው ግን እኔ እንደፈለግኩት አይደለም። በርናርድ እንኳ ሌሎቹ ፖለቲከኞች ጥያቄ ሲመጣባቸው ከእጅ እንደሚያመልጥ ዓሣ ይሙለጨለጫሉ፣ እሱ ግን ፊት ለፊት አዎ አለ፣ መሪውን ባልወደውም ለዚህ ሰው ድምፄን እሰጣለሁ ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በቀሩት ቀናት ከማንም በላይ ዞርኩ፣ ሚስስ ፌርፋክስ ራሷ ትንሽ ዕረፊ እስክትለኝ።

ሐሙስ ድምፅ መስጫው መጋረጃ ውስጥ እርሳሱን ይዤ ቆየሁ። ያቺ ሆዷ የገፋ ልጅ ትዝ አለችኝ። ቀጥሎ የአባትሽ እጅ እንግዶቹን ሲጨብጥ ትዝ አለኝ። ለሚስስ ፌርፋክስ ምልክት አደረግኩ። በዚህ እኔን የሚወቅስ ቢኖር አባትሽ ነው፣ እሱን በወዲያኛው ዓለም ስንገናኝ አነጋግረዋለሁ።

አርብ ጠዋት ራዲዮው ተናገረ። አገሩን ኮንሰርቫቲቮች ወሰዱት፣ የእኛን ከተማ ግን ኮሊን በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ኤድና ገና ፀጉሯን ሳታበጥር መጣች። ያቺ ጥያቄ ባትኖር ይወድቅ ነበር እየተባለ ነው፣ አንቺ ነሽ ያስመረጥሽው ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሰማያዊውን አበባ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ትናንት በሩ ተንኳኳ። ብቻውን ነው የመጣው። አላስገባሁትም፣ እሱም ልግባ አላለም።

«ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት» አለ። «አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

«እኔ የጠየቅኩህ ልጥልህ ነው።»

«አውቃለሁ።» ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። «ሄዘር ደህና ናት?»

በሩን ዘጋሁበት። ከዘጋሁት በኋላ ግን እርምጃው እስኪርቅ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ።

አሁን አለቀለት ብለሽ እንዳታስቢ። የፓርላማ ሰው ከሆነ አርብ አርብ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጦ የሕዝብ አቤቱታ መስማት ግዴታው ነው፣ እኔም ሕዝብ ነኝ። የመጀመሪያዋ ወንበር የእኔ ናት። በዚህ ሳምንት ስለ አውቶቡሱ፣ በሚቀጥለው ስለ ኤድና ዳሌ፣ ከዚያ ስለ ማዋለጃው። አቤቱታ ካለቀብኝ እፈጥራለሁ። ከለንደን በባቡር ደክሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ይሆናል፣ እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ። አይቀርም፣ አሁን ቀርቶ አያውቅማ። ስለ አንቺ ቢጠይቀኝ አልመልስለትም። ደጋግሞ ከጠየቀኝ ግን እንግዲህ አያለሁ። በዚህ ከተማ አንቺ በልጅነትሽ እንዴት እንደምትስቂ የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ነው።

በይ ልጄ፣ ደክሞኛል። የእኛ ማታ የእናንተ ጠዋት በሆነበት አገር እግዚአብሔር ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን፣ ልጆችሽን በሰላም ያሳድግልሽ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ በሰዓቱ የተገኘ ሰው ነውና እወደዋለሁ።

እናትሽ
ዶሪን

እንዲሁም፦ የልጆቹን ፎቶ በወረቀት አሳጥበሽ ላኪልኝ፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ። የአንቺም ቢኖርበት ጥሩ ነው። ከአርብ በፊት ባይደርስም ለቀጣዩ አርብ ይደርሳል። ምን ያደርግልሻል አትበዪኝ። ያጣውን ይይ ብዬ ነው።