የእሑድ ፖስታዎች

መስከረም 25
የአማርኛ ጋዜጣዬ ወጣች። ስምንት ገጽ፣ መቶ ሃያ ቅጂ። ቅዳሴ እንዳለቀ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ፌስታል ሙሉ ደብዳቤ ይዘው ከበቡኝ። ሁሉም በሆላንዶቹ ቋንቋ በደች የተጻፈ፣ አንዱም ያልተከፈተ! ወሩን ሙሉ ጋዜጣዋ የምትወጣበትን እሑድ ይጠብቃሉ፣ እኔ ከፍቼ አነብላቸዋለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት... ወይ ወገቤ!

ጥቅምት 4
የመንግሥት ቤቶች ቢሮ ቀጠረኝ። የነዋሪዎች ጉዳይ ኃላፊ! ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሽንት ቤት ሳጥብ የኖርኩትን ሴትዮ... ጋዜጣ ማውጣት ግን ክልክል ነው አሉ።
"ፕሪማ፣ ማማ! በጣም ጥሩ!" አለች ልጄ ሃዊ። "ዕረፊ በቃ። ደክሞሻል እኮ።"
እውነቷን ነው፣ ደክሞኛል። እሺ አልኩ።

ጥቅምት 26
አርባ ደብዳቤ ፈረምኩ። ትራንስቫል ሰፈር ያለ አሮጌ ሕንፃ ሊታደስ ነው። ተመልሶ መግባት የሚፈልግ በሦስት ሳምንት ያሳውቅ፣ ካላሳወቀ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል። አንድ ነገር ከነከነኝ... ምን ነበር? ለስብሰባ ጠሩኝ። ፈረምኩና ሄድኩ።

ኅዳር 21፣ ጽዮን
ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ዛሬ ገና ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጋሽ ሽባባው ፌስታላቸውን ይዘው መጡ። ከመጀመሪያዋ ቁጥር ጀምሮ ጋዜጣዬን ቁጭ ብለው የሚያጥፉልኝ እሳቸው ናቸው።
"ጠፋሽ፣ ልጄ። አንቺ ሳታዪው አልከፍትም ብዬ አስቀመጥኩት።"
ከፈትኩት። ከታች የኔ ፊርማ። ቀኑ ካለፈ አራት ቀን።
"ምን ይላል?"
"ስለ ቤትዎ ነው..."
"ማነው የጻፈው?"
"ነገ አጣራለሁ" አልኩ። ዋሸኋቸው። ምን ነካኝ?

ኅዳር 22
አለቃዬን ለመንኳት። ቤቱ ልጆች ላሏት እናት ተሰጥቷል፣ መመለስ አይቻልም። "ደብዳቤው ምንም ስህተት የለውም" አለች። እውነት ነው፣ የለውም። እንደማይከፍቱት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም ጋዜጣዋን ትቼ ፈረምኩ። እንባዬን ትራም ውስጥ ለቀቅኩት።

ኅዳር 28
አንድ ገጽ ጋዜጣ አወጣሁ። ነገ ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል፣ ያባርሩኝ! ርዕሱ፦ "የጋሽ ሽባባውን ቤት ያስወሰደው ደብዳቤ ላይ የፈረምኩት እኔ ሸዋዬ ነኝ።" ከሥሩ፦ ደብዳቤ በመጣበት ቀን ክፈቱ፣ ስልኬ ይኸው።
የመጀመሪያውን ቅጂ ለጋሽ ሽባባው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ወንበር ሳቡና ማጠፍ ጀመሩ፣ መቶ ሃያውንም።
ሲጨርሱ ፌስታላቸውን አነሱ። ሁለት አዲስ ፖስታ ይታየኛል። "ይምጡ ላንብብልዎ" አልኩ።
"ይቅር" አሉኝ። ፖስታቸውን ይዘው ወጡ።