አንድ ጊዜ ብቻ ስለጠየቅኩህ

ጌትዬ፣ የኔ ሆድ፤

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሞላህ። ለሙት ዓመትህ ልጽፍልህ ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ ግን ለማንም የማልነግረው፣ ላንተ ብቻ የምነግርህ ነገር ገጠመኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከኬንት ከተማ አልለቀቅንም። ልጃችን ሜሮን በቁመት በልጣኛለች፤ በአማርኛ ሳናግራት መልሷ አሁንም በእንግሊዝኛ ነው። ጃኬትህን እጅጌውን አጥፋ ትለብሰዋለች። መኪናህን የምነዳት እኔ ነኝ፣ አትሳቅብኝ። ፓርክ ሳደርግ የሁለት ሰው ቦታ እይዛለሁ።

የምትሠራበት መጋዘን ተዘግቶ ሁላችሁም የተሰናበታችሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ኮሌጁ ከሥራ ለወጡ ሰዎች በነፃ ያስተምራል ሲሉህ፣ ልትነግረኝ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ነው ሮጠህ ቤት የገባኸው። በአርባ አራት ዓመትህ የፍሪጅ ጥገና ልትማር! ደብተርህን እንደ ሜሮን በጋዜጣ ለበድከው።

ስትመዘገብ አብሬህ ነበርኩ። የምትመዘግበው ሴትዮ ፎርሙን ሞልታ ስትጨርስ፣ ትምህርቱ ነፃ ቢሆንም መጽሐፉ ለብቻው እንደሚከፈልበት፣ ለሱም እርዳታ እንዳለ ነግራህ ትፈልግ እንደሆን ጠየቀችህ። አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ ኖ፣ ኖ፣ አላስቸግርሽም አልካት። ከዚያ እስክትለምንህ ጠበቅክ። እኔም ጠበቅኩ። ኦኬ ብላ ፋይሉን ዘጋችው።

እየሳቅን ወጣን። አገር ቤት እምቢ ያልክበት ቤት ሁሉ በግድ ነበር የሚያጎርሱህ፤ እዚህ ገበታው ወዲያው ተነሳ። ተመለስና ንገራት ብልህ፣ ሞቼ እገኛለሁ አልክ። መጽሐፉን በእጅህ ገልብጠህ ጻፍከው። ከላይብረሪ የማይወጣ አንድ ቅጂ ነበር፤ ከክፍል በኋላ ቁጭ ብለህ ሥዕሉን ሳይቀር በእርሳስ ትገለብጥ ነበር። ፈተናው ቀደመህና የመጀመሪያውን ተርም ወደቅክ። ሁለተኛውን ግን አለፍክ፤ ውጤትህን ፍሪጁ ላይ የለጠፍከው ዛሬም እዚያው ነው።

ሦስተኛው ተርም ላይ ነው ያ ጠዋት የመጣው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ደረትህን ስታሽ አየሁህና፣ አመመህ እንዴ አልኩህ። ደህና ነኝ፣ ይልቅ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ አልከኝ። እኔም ሄድኩ። ጌትዬ፣ ትቼህ ሄድኩ! የኮሌጁ ሴትዮስ የአገሩ ሰው ናት፣ ምን ታውቃለች? እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ የመጀመሪያው እምቢታህ እምቢታ እንዳልሆነ እያወቅኩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄህ ቦርሳዬን አነሳሁ። ማረፍህን ሥራ ቦታ ነው ደውለው የነገሩኝ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ግን ከሆዴ አልወጣም።

አሁን እኔም እዚያው ኮሌጅ ነኝ። ባል ለሞተባቸው ሴቶችም በነፃ ነው ብለውኝ ሒሳብ አያያዝ እማራለሁ። ግማሽ ቀን ደግሞ ያቺው ሴትዮ ቢሮ አዲስ ተመዝጋቢ እቀበላለሁ። ደግ ሴት ናት፣ አልተቀየምኳትም።

ዛሬ አንድ ትልቅ ሰው መጡ። በዲቪ ከገቡ ገና ወራቸው ነው፤ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የመጽሐፍ እርዳታ ይፈልጉ እንደሆን በአማርኛ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አይ ልጄ፣ ምን አስቸገረሽ፣ ይቅርብኝ አሉኝ። እጃቸውን ሳይ ያንተን አየሁ። ደግሜ ጠየቅኳቸው፤ አሁንም እምቢ። ሦስተኛ ጊዜ በሞቴ ብዬ ስለምናቸው እስክሪብቶውን አነሱ። ሲፈርሙ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ሦስት ጊዜ መጠየቅ ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ? ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ጌትዬ፣ ቃሌ ይሄ ነው። እዚያ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ አንዱም በመጀመሪያው እምቢታው አይሸኝም። ሜሮንም ደህና ነኝ ስትለኝ እንደገና እጠይቃታለሁ። ማሚ፣ አሁን ጠየቅሽኝ እኮ እያለች ትቆጣኛለች። ትቆጣ። ሰው ደግሜ በጠየቅኩ ቁጥር ያ ጠዋት ይመጣብኛል፤ በሐሳቤ አውቶቡሱ ይለፈኝ ብዬ አጠገብህ ቁጭ እላለሁ።

አመመህ እንዴ፣ ጌትዬ? በሞቴ፣ እውነቱን ንገረኝ።

አልማዝህ