ወደ ሞጆ የሚሄደው ባቡር

ብሩክሊን ሴንተር፣ ሚኒሶታ
እሑድ፣ የካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደዱ እማማ ወርቂቱ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ ሲጻፍ እንደዚያ ነውና። ግን ይህ ደብዳቤ ስለ ውሸት ስለሆነ በውሸት አልጀምረውም። በሕይወት አለን። ልጆቹ ይበላሉ፣ ቤቱም ይሞቃል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎት ሙሊሳ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። የጉልበት ቅባትዎንም ይዟል። ማክሰኞ ይሳፈራል፤ ቢበዛ ዓርብ ሞጆ ይደርሳል። በስልክ ያልነገርኩዎት ሁልጊዜ ከልጆቹ አንዷ አጠገቤ ስለማትጠፋ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

ሩት፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራሽን፤ እንደተጻፈው አንብቢ። «ይኼንን ብዘለው ይሻላል» የሚያሰኝሽ ቦታ ላይ ስትደርሺ፣ እሱን በተለይ እንዳትዘዪው። ጎረቤት ሆነሽ ስትጦሪያቸው ኖረሻል፤ ዛሬ ደግሞ እጃቸውን ይዘሽ አንብቢላቸው።

እማማ፣ ለኢሊሊ የእናቷን መሞት ነግሬያታለሁ። ከእንግዲህ በስልክ «እናትሽ ተኝታለች»፣ «ጠበል ሄዳለች» እንዳይሏት።

በእርስዎ አልፈርድም። እንዲህ ይበሉልኝ ብዬ የለመንኩዎት እኔ ነኝ። ነሐሴ ላይ ልጅዎን ፈነትን ቀብረን ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው፣ «የአምስት ዓመት ሕፃን መርዶ አይነገራትም፤ አያትሽ ጋ ሄዳለች በሏት፣ ስታድግ ራሷ ትደርስበታለች» ሲሉ ራሴን ነቀነቅሁ። እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። ኢሊሊን ሦስት ቀን ብሩክሊን ፓርክ ጓደኛችን መቅሊት ቤት አቆየናት። ስትመለስ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ የፈነት ፎቶ ከግድግዳው ወርዶ ነበር። «ዳዲ፣ ለምን ሁልጊዜ ብላክ ትለብሳለህ?» ስትለኝ «የሥራ ዩኒፎርም ነው» አልኳት። አርባዋንም ያወጣነው ኢሊሊ ትምህርት ቤት በዋለችበት ቀን ነው።

ዱረቲ ግን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሆስፒታልም ነበረች፣ ቀብርም ነበረች። እሷን «እህትሽ ፊት እንዳታለቅሺ፣ ስለ እናትሽም እንዳታወሪ» ብዬ አስጠነቀቅኋት። አላለቀሰችም። እኔም ጎበዝ ልጅ ናት ብዬ ተውኩት።

አሁን የባቡሩን ነገር ልንገርዎት፤ ሁሉም የተበላሸው በእሱ ነውና። ኅዳር ላይ ግሌን የሚባል አብሮኝ የሚሠራ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ ሁለት ካርቶን ሰጠኝ። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ አብረው የሠሩት የባቡር ዕቃ ነው። የጣት ስፋት ያለው ሐዲድ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡርና ሰባት ፉርጎ። ምክርም ጨመረልኝ። «በትንሹ ጀምር፤ ምን እንደሚሠራ ልጆቹ ይወስኑ፤ ጠረጴዛውን ግን ግድግዳ ላይ አታስጠጋ፣ ከኋላ ሲበላሽ እጅህ አይደርስም» አለኝ። እኔ ደግሞ ምክር ሲበዛብኝ አልወድም። ቤዝመንት የምንለው ምድር ቤታችንም ጠባብ ነው። ጠረጴዛውን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

መጀመሪያ በወረቀት ላይ ፕላን ነደፍን። ዱረቲ በማስመሪያ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ መስመርና አንድ ቅርንጫፍ አወጣች። ለጀማሪ የሚበቃው እሱ ነበር። ኢሊሊ ቀለሟን ይዛ መጣችና «ባቡሩ ከእኛ ቤት ተነስቶ ሞጆ ነው የሚሄደው» አለች። ፈነት ልጅ ሳለች ባቡር ስታይ እንዳደገች፣ ሲያልፍ እጇን ታውለበልብ እንደነበር ትነግራቸው ነበር። ስለዚህ ኢሊሊ ዘንድ ባቡር ማለት ሞጆ የሚሄድ ነገር ነው።

ዱረቲ በእንግሊዝኛ «መሐል ላይ ውቅያኖስ አለ» አለቻት።

«እና ብሪጅ እንሠራለና» አለች ኢሊሊ።

ዱረቲ እርሳሷን አስቀምጣ እኔን አየችኝ። የሆነ ነገር እንድናገር ነበር የምትጠብቀው። እኔ የመኪና ቁልፌን አንስቼ ኮምፔንሳቶ ልገዛ ወጣሁ።

እማማ፣ አልደብቅዎትም፣ ሥራው ደስ አለኝ። ኮምፔንሳቶው መኪናዬ ውስጥ አልገባ ብሎ ለሁለት አስቆረጥኩት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ጠቦ ፉርጎዎቹ እየተገለበጡ አስቸገሩን፤ አፍርሰን አሰፋነው። ከጋዜጣና ከጄሶ ተራራ ሠራን፣ ውቅያኖሱን ሰማያዊ ቀባን፣ በአይስክሬም እንጨት ድልድይ ዘረጋን። ኢሊሊ ከቁርስ ካርቶን የሞጆን ጣቢያ ሠራች። ከተገዙት ትናንሽ ሰዎች መካከል ቀይ ቀሚስ የለበሰችውን መርጣ ጣቢያው ላይ በኮላ አቆመቻት። ማን እንደሆነች አልጠየቅናትም። ከሥራ ስመለስ ወደ ቤት የምገባበት ምክንያት አግኝቼ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ስንደውል ኢሊሊ ስለ ባቡሩ ሁሉንም ነገረችዎት። ከዚያ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ስትልዎት፣ «ባቡሩን ስትጨርሱ ትመጣለች፣ የኔ እናት» አሏት። ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ኢሊሊ ወደ እኔ ዞራ «እውነት?» አለችኝ። «አያትሽ ካለች እውነት ነው» አልኳት። እርስዎ አንድ ቃል አመለጠዎት፤ እኔ ማኅተም መታሁበት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኢሊሊ ሌላ ጨዋታ ተወች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጃኬቷን ሳታወልቅ ነበር ወደ ቤዝመንት የምትወርደው። ሥራው ግን እምቢ አለ። ዛሬ ያስተካከልኩት ነገ ተበላሽቶ ይጠብቀኛል። ባቡሩ ድልድዩን ይሻገርና ከተራራው ጀርባ ሞጆ ሳይደርስ ይቆማል። አንድ ቀን ሐዲዱ ተፈናቅሎ፣ አንድ ቀን ሽቦው ወልቆ። መጀመሪያ ግሌንን አማሁት፤ ያረጀ ዕቃ ጣለብኝ ብዬ አዲስ ሐዲድ ገዛሁ። ያም ሲበላሽ ኢሊሊ ላይ ጮኽኩ። «እጅሽን ሰብስቢ አላልኩሽም!» ስላት፣ «እኔ እኮ ቶሎ እንዲያልቅ ነው የምፈልገው» ብላ አለቀሰች።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ፣ በረዶው ሲበረታ ከምሠራበት መጋዘን በጊዜ ለቀቁን። ቤት ስገባ ኢሊሊ ከላይ ሳሎን ካርቱን ታያለች። ቤዝመንት ስወርድ ዱረቲ ጠረጴዛው ሥር በጀርባዋ ተኝታለች፤ የእኔን ፒንሳ ይዛ ሽቦውን ትነቅላለች።

እማማ፣ መታኋት። በሕይወቴ ልጅ መትቼ አላውቅም። ጎትቼ አወጣኋትና በጥፊ መታኋት። አላለቀሰችም፤ እኔው ያስለመድኳት ነገር ነው። የመለሰችልኝ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ እንዲህ ነው።

«ካለቀ እኮ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትጠብቃለች! አንተ ሥራ ትሄዳለህ። አብሬያት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ‹ለምን አልመጣችም?› ስትለኝ ምን ልበላት?»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ስለ ማሚ አታውሪ ብለሃላ» አለች። ጉንጯ ቀልቷል። ቀጥላም፣ «ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ነው የማለቅሰው። ሐሙስ ሐሙስ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲሆን» አለችኝ።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። አንዷን ልጄን ከሐዘን አድናለሁ ብዬ ሌላዋን ከስድስት ወር በላይ ሐዘን ከልክያታለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የእኔን ውሸት ለመጠበቅ በየቀኑ ጠረጴዛ ሥር ስትገባ ኖራለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ኦኬ» አለችኝ። ኦኬ እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያም በኋላ ሁለት ቀን ፈራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም አስቀምጬ ለኢሊሊ ነገርኳት። ያን ቀንም ትናንትም ያልደወልነው ለዚህ ነው፤ ኔትወርክ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። «እማዬ ሞታለች» አልኳት። «ነሐሴ ላይ ነው የሞተችው። ታማ ነበር፤ ሐኪሞቹ ሊያድኗት አልቻሉም።»

ኢሊሊ አላለቀሰችም። «አያቴ ቤት የተኛችውስ ማናት?» አለች።

«ማንም የለም።»

«አያቴ ታውቃለች?»

«አዎ።»

«ዱረቲስ? መቅሊትስ? የቸርች ሰዎችስ?»

በስም እየጠራች ጠየቀችኝ፤ ለሁሉም አዎ አልኩ። ከዚያ «የት ናት?» አለችኝ።

መኪና ውስጥ አስገብቼ ይዣቸው ሄድኩ። መቃብሩ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ነው። ያላሰብኩት ነገር ግን በረዶው ነበር። ድንጋይዋ ገና አልተተከለም፤ በረዶው ሲቀልጥ ነው የሚተከለው። ያለችው ከመሬት ጋር የተስተካከለች ትንሽ ምልክት ናት። ዛፉን አይቼ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። በረዶ ውስጥ ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። መኪናው ውስጥ በነበረው የበረዶ መጥረጊያ ጠረግሁ፤ የሌላ ሰው ስም ወጣ። ከጎኑ ጠረግሁ፤ እኔ ሳልወለድ የሞተ ሰው ነው። ዱረቲ በጓንቷ ትቆፍራለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግን። ኢሊሊ ቆማ ታየናለች።

«እዚህም የለችም» አለች በመጨረሻ።

መኪና ውስጥ፣ «ሞጆ ናት ብለህ ዋሸኸኝ። አሁን ደግሞ እዚህ ናት ትላለህ» አለችኝ። ማልኩላት። «ያኔም እውነት ነው ብለሃል» አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን እያደር ደፈረሰ። ሰኞ ቢሮአቸው ሄጄ የቦታውን ቁጥር በወረቀት አስጽፌ አመጣሁላት። ቁጥሩን አይታ ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ፤ ዳግም እዚያ አልሄድም አለች።

ሐሙስ ዕለት ዱረቲን ለምና ሽቦውን አስቀጠለቻት። ባቡሩ አለቀ እማማ። አሁን አንድም ቦታ አይቆምም፤ ድልድዩን ይሻገራል፣ ሞጆ ይደርሳል። ኢሊሊ ደግሞ ልክ ዱረቲ እንደፈራችው ጃኬቷን ለብሳ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ይህን ስጽፍም እዚያው ናት። ጠዋት አጠገቧ ተንበርክኬ «ኢሊሊ፣ እማዬ አትመጣም» ስላት ምን እንዳለችኝ ልንገርዎት? «አያቴ ትንገረኝ። አያቴ እዚያ ናት፤ ማን ቤት ውስጥ እንዳለ ታያለች። እሷ ካለች አምናለሁ።»

ስለዚህ ነው የምለምንዎት። በመጪው ቅዳሜ፣ በእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በእርስዎ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንደውላለን። ኢሊሊ ትጠይቅዎታለች። «ፈነት ሞታለች» ይበሏት። «አርፋለች» አይበሉ። «እግዚአብሔር ወስዷታል»ም አይበሉ፤ መቼ ይመልሳታል ትላለችና። ቤትዎ ውስጥ እንደሌለች፣ አልጋዋ ባዶ እንደሆነ ይንገሯት። ልቅሶ ከመጣብዎም አይያዙት፣ ያልቅሱ። ዱረቲ ለእናቷ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ከሰማች ከስድስት ወር በላይ ሆኗታል።

ከባድ ነገር እንደጠየቅሁዎት አውቃለሁ። መርዶውን ከሰሙ ጀምሮ «ልጄን፣ ልጄን» ሲሉ እንጂ «ሞተች» ሲሉ ሰምቼዎት አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ «ተኝታለች» ሲሉ ግን ድምፅዎ ቀለል ይል ነበር። አንድ ቀን፣ «ቀስ ብላችሁ አውሩ፣ እንዳትነቃባችሁ» አሉን። ዱረቲ ተነስታ ክፍሏ ገባች። እኔ ግን፣ እማማ፣ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ቅዳሜ ከኢሊሊ ጎን እቀመጣለሁ። «ተኝታለች» ካሉ እኔም የማምንዎት ይመስለኛል። እባክዎን እንዳይሉ።

ፈጣሪ አንደበትዎን ያበርታልዎ፤ ለእኛም የሚተርፍ ዕድሜ ይስጥዎ።

ልጅዎ፣
ቢራቱ