ወደ መስኮታችን ስለዞረው የጭስ ቧንቧ

ለተከበሩ ኡስታዝ ጅብሪል፣
የሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ዳሒዬ፣ ቤሩት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጀነሬተሩ ጭስ ከበረንዳዎ ከራቀ ሁለት ወር ስለሆነው፣ ጤናዎ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ ደኅና እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኔ ምድር ቤት የምኖረው ፀጉር ሠሪዋ እልፍነሽ ጉግሳ ነኝ። በዐረብኛ የጻፍንልዎትን ሦስት ደብዳቤ ለማንበብ ጊዜ ስላላገኙ ይህን በአማርኛ ጽፌ ፌስቡክ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለእርስዎ ያው ነው፣ ለእኛ ሰዎች ግን ይቀላል።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ከፎቅ ነዋሪዎች አርቀው አፉን ወደ እኛ መስኮት ስላዞሩልን እናመሰግናለን። ለአራት ሴቶች ያለችን መስኮት ያቺው ብቻ ስለሆነች ጭሱ መንገድ አልጠፋበትም።

፪. «ለጤናችሁ በየቀኑ መስኮት ክፈቱ» የሚል ወረቀት በራችን ላይ ስላስለጠፉልን ውለታዎ አለብን። ታዘን ከፈትን። አስም ያለባት ጓደኛችን ዝናሽ በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሯት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ በታክሲ ሐኪም ቤት አደረስናት። ሐኪሙ ጭስ ወዳለበት ቤት እንዳትመለስ አዘዘ፤ ሌላ ቤት ስለሌላት ተመለሰች። ባሳላት ቁጥር እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ፤ ይህን ስጽፍ እየቀለድኩ አይደለም።

፫. ቧንቧው እስከ ጣሪያ ይቀጠልልን ብለን ስናመለክት፣ የምንኖርበት ክፍል በሕንፃው መዝገብ ላይ «ዕቃ ማስቀመጫ» ተብሎ ስለተጻፈ በጭሱ የሚጎዳ ነዋሪ እንደሌለ በትዕግሥት አስረድተውናል። ደረጃችሁን ስንወለውልና ልጆቻችሁን ስናጥብ ግን መዝገቡን ገልጦ ያየ አልነበረም፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

የሚተርፍዎትን ንጹሕ አየር በአክብሮት የምለምን፣ ጉሮሮዬ በፈቀደልኝ መጠን ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣

እልፍነሽ ጉግሳ
ከዕቃ ማስቀመጫው

ሳልረሳው፦ ዝናሽ አምስት ዓመት ደግፋ ያስነሣቻቸው፣ ከእርስዎ ጋር የሚኖሩት እናትዎ ሐጃ ሂዳያ፣ ዝናሽ ለምን እንደቀረች ትናንት ጠየቁኝ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች በዐረብኛ ነገርኳቸው። «ኸላስ፣ በቃ፣ ዝናሽ የልጄ አልጋ ላይ ትተኛ፤ እሱ እሷ ጋ ይውረድ» ብለው ፈርደዋል። እሷን ዛሬ ጠዋት ደግፈን ፎቅ እናትዎ ዘንድ አውጥተናታል፤ የእርስዎንም አልጋ እዚህ ምድር ቤት አንጥፈን እየጠበቅንዎት ነው።